ቆዳውን የቆረጠ እጅ

ደብረ ማርቆስ፣
ግንቦት ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለየኔዓለም ቢያዝን፣
ቤይሩት

ልጄ ሆይ፣ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደኅና ነን። እናትሽ ይታይሽ ደኅና ናት፤ ከብቱም ደኅና ነው። ይህን ከጻፍሁ በኋላ ብዕሬን አኑሬ ተነሣሁ፤ እስከ አጥሩ ሄጄ ተመለስሁ። ከልጅነትሽ ጀምሮ አነጋገሬን መርምረሽ የምትሰሚ ስለሆንሽ፣ «ደኅና» የበዛበት ደብዳቤ እንደማያሳርፍሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በየካቲት ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽልኝ ሥዕል ከዳዊቴ ውስጥ አለች። አስተማሪያችሁ በሰሌዳ ላይ የሣለላችሁ መስመር ነው ብለሽኝ ነበር፤ ከታች ይነሣል፣ ዳገት ይወጣል፣ እንደ አምባ አናት ጥቂት ይዘረጋል፣ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። ከሥሩም እንዲህ ጽፈሽ ነበር፦ «አባባ፣ ለገበያ የሚቀርብ ዕቃ ሁሉ እንደ ሰው ዕድሜ አለው፤ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ይጎለምሳል፣ ያረጃል። ብልህ ነጋዴ ተተኪውን የሚያሰናዳው አሮጌው ገና ጉልበት ሳለው ነው። የእርስዎ ማኅበር ኮርቻ ከዚህ መስመር ላይ የት ደርሷል?»

ምናልባት ትምህርትሽን ልታካፍይኝ ብለሽ ብቻ የጻፍሽው ይሆናል። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ አላስቀመጠኝም። ችሎት ላይ ሆኜ የሰው ክርክር እየሰማሁ ጣቴ በጠረጴዛው ላይ ዳገትና ቁልቁለት ሲሥል አገኘዋለሁ።

አንቺ የኮርቻ ማኅበራችንን የምታውቂው ስሙ በተጠራበት ዘመን ስለሆነ፣ ልደቱን ልንገርሽ። እኔ አዲስ የተሾምሁ ዳኛ ሳለሁ አያ አድማሴ በዚህ አገር ተወዳዳሪ የሌለው ኮርቻ ሠሪ ነበር። በየጎጇቸው ተበታትነው የሚሠሩትን ባለሙያዎች፣ ቆዳ አልፊውን፣ እንጨት ጠራቢውን፣ ሰፊውን፣ ጥልፍ ጠላፊዋን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰብናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገዢ አልነበረንም። ከማኅበርተኞቹም አንዳንዶቹ ያለፋነውን መልካም ቆዳ ለጅራፍና ለጫማ እየቆረጡ በገበያ ለግላቸው ይሸጡ ጀመር። ሥራው ሳይወለድ ሊጨነግፍ ሆነ። ያን ጊዜ ሁላችን ተስማምተን የነፍስ አባታችንን አባ ገብረ ማርያምን አስመጣን። እሳቸውም መስቀላቸውን በቆዳው ክምር ላይ አኑረው፣ «የዚህን ማኅበር ቆዳ ከኮርቻ በቀር ለሌላ ሥራ የቆረጠ እጅ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል የተገዘተ ይሁን» ብለው ገዘቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጠፍር እንኳ አልጠፋም።

ግዝቱ በጊዜው ትክክል ነበር፤ ይህን ዛሬም እመሰክራለሁ። ማኅበሩን ያሳደገው እሱ ነው። ባላባቱ፣ ሙሽራው፣ የደብሩ አለቃ ሁሉ የእኛን ቀይ የባሕረ ዓረብ ቆዳ ኮርቻ ሳይጭን ከቤቱ አይወጣም ነበር። ነገር ግን እናንተ ዕቅድ የምትሉትን እኛ በመስቀል አተምነው። ዕቅድ ዘመን ሲያልፍበት ይታረማል፤ ግዝት የገዘተው ካልፈታው የት ይታረማል? እንደ ጎጃሜዎች ያለ አርቆ አሳቢ ሰው የለም እንባላለን፤ ነገን በጣም ከማሰባችን የተነሣ ከነገ ወዲያን ሳናስብ ቀረን።

ዛሬ ኮርቻችን የት እንደ ደረሰ ልንገርሽ። በጥር የታወቀ ቤተሰብ ልጅ ሲሞሸር በላንድሮቨር መጣ። ያስ ተለምዷል። ያልተለመደው ከመኪናዋ አፍንጫ ላይ የእኛ የበቅሎ የአንገት ጌጥ ከነቃጭሉ ተንጠልጥሎ ማየታችን ነው። አያ አድማሴ ከጎኔ ቆሞ ነበር። «በቅሎይቱን ጥለው ጌጧን ወሰዱ» አለና ጋቢውን ተከናንቦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የመጣልን ሥራ የአንድ አለቃ ኮርቻ ብቻ ነው፤ እሱም ለእድሳት። ለገበሬው የሚሆን ርካሽ ኮርቻ እንሥራ ብለን ሞክረን ነበር። ነገር ግን የቁይ ገበያ ሠሪዎች ከእርሻቸው ጎን በየቤታቸው ስለሚሠሩ፣ የእኛ ጣሪያና የእኛ ደመወዝ ከእነሱ ዋጋ አላስደረሰንም። «ከማን ጋር ነው የምትወዳደሩት?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው ነው። ከሰፊዎቻችን ደኅና ደኅናዎቹ ለቀን ሥራ ወደ አዲስ አበባ መውረድ ጀምረዋል። ሰውና ቆዳ አብረው ሳሉ ካልተንቀሳቀስን፣ በኋላ ብንነቃም የምናንቀሳቅሰው ነገር አይኖርም።

በዚህ መካከል አቶ ደርቤ መጣ። በጉንደ ወይን መንገድ አውቶቡስ የሚያሠማራው ነው።

«ፊታውራሪ፣» አለኝ፣ «የአውቶቡሶቼ መቀመጫ አልበረክት አለኝ። ገበሬው ከነመጥረቢያው ይቀመጥበታል፤ የቀረውን ዶሮው ይጨርሰዋል። የእናንተ ቆዳ ግን ዕድሜ ልኩን በበቅሎ ጀርባ ሲታሽ አይቻለሁ፤ ቅንጣት አይበገርም። መቀመጫ ሥሩልኝ። ባለ አውቶቡስ ጓደኞቼም ይከተሉኛል።»

«ሥራውን እንፈልገዋለን፤ ጊዜ ስጠን» አልሁት።

«እሰጥዎታለሁ። ግን እስከ ግንቦት ልደታ ነው። ክረምት ሳይገባ ካላደስሁ አዲስ አበባ ላሉት እሰጣለሁ።»

ያን ዕለት የአንቺን ሥዕል ይዤ ወደ አያ አድማሴ ቤት ሄድሁ። መስመሩን አሳየሁት፤ የጻፍሽውንም አነበብሁለት። አዳምጦ ሲያበቃ ፊቱን ወደ ሚስቱ መለሰ።

«ሰማሽ ማንጠግቦሽ? የክርስትና ልጅሽ ኮርቻ ተወልዶ ያረጃል ትላለች። አንተ ፊታውራሪ፣ በቅሎ ትወልዳለች?»

«አትወልድም» አልሁት።

«አትወልድማ። እንግዲህ በማትወልድ ከብት ላይ የሚጫን ዕቃም አይወለድም፣ አያረጅም ብለህ ጻፍላት።»

«አንተ ግን ተወልደሃል፤» አለች ማንጠግቦሽ ከጓዳ፣ «ማርጀትህንም እኔ አይቻለሁ።»

ሳቅን። የደርቤን ነገር ባነሣሁ ጊዜ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ኮርቻን የገደለው መኪና ነው። አሁን ደግሞ ገዳያችን ጎኑ እንዳይቆረቁረው ትራስ እንስፋለት ነው የምትለኝ?» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግዝቱስ? ቆዳውን ዛሬ ቆርጬ ነገ ልጄን ብቀብር አንተ ትፈርድልኛለህ?» አለኝ።

ይህን ሊመልስ የሚችለው የገዘተው ብቻ ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አባ ገብረ ማርያምን ፍለጋ ሄድሁ። አሁን ያሉት ከቁይ ወዲያ፣ ገደሉን ወርዶ በሚገኝ ትንሽ ገዳም ነው፤ መኪና አይደርስም። ሐኪሙ ዳገትና ቁልቁለት እንዳልሞክር ያዘዘኝን እናትሽ ጽፋልሽ ይሆናል። መጠንቀቅ የሐኪም ሥራ ነውና አትጨነቂ። የወረድሁት በአያ አድማሴ ኮርቻ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ዘመኑ አለፈ ብዬ ልናገርበት በምሄደው በዚያው ኮርቻ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጎኔም ወገቤም ሳይሰማኝ ደረስሁ።

አባን ያገኘኋቸው የነጭ ሽንኩርት መደብ ሲኮተኩቱ ነው።

«ማነህ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ቢያዝን ነኝ፣ አባቴ።»

«ዳኛው?»

«አዎን።»

«ልትፈርድብኝ ከሆነ ይህችን መደብ ልጨርስ።»

ጨረሱ፤ እኔም ባርኔጣዬን ይዤ ጠበቅሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስለ መኪናው፣ ስለሚሰደዱት ሰፊዎች፣ ስለ ደርቤም። መቆፈሪያቸውን ተደግፈው ሰሙኝና ያን የጥንቱን ግዝት ቃል በቃል ደገሙት።

«የቆረጠ እጅ ነው ያልሁት፤» አሉ፣ «አንድ ቃል አልጨመርሁም፣ አንድ ቃል አልቀነስሁም። ሁላችሁም ቆማችሁ አሜን አላችሁ። አሜኑን ያስጀመረው አድማሴ ነው።»

«ዘመኑ ስለ ተለወጠ ይፍቱን ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ዘመን በተለወጠ ቁጥር ቃል የሚፈታ ቢሆን ከሚስቱ ጋር የሚያረጅ ባል ባልተገኘ። አድማሴን ይዘኸው ና። ሁለታችሁ አብራችሁ ስትቆሙ እፈታለሁ። እሱን ትቼ አንተን ብፈታ ግን የምፈታው ግዝቱን አይደለም፣ እናንተን ነው።»

ተመልሼ ለአያ አድማሴ ነገርሁት። በእግሬም በበቅሎም አልሄድም አለ። ሽማግሌ ላክሁበት፤ ሽማግሌዎቹን አብልቶ አጠጥቶ በባዶ ቃል መለሳቸው። ልደታ እየቀረበ ሄደ። እንቅልፍ ሸሸኝ አልልሽም፤ ቀኑ ራሱ ነው የማያስቀምጠኝ የነበረው። ከቤት ወደ ችሎት፣ ከችሎት ወደ ማኅበሩ ቤት ስመላለስ ሰው ሁሉ የሚያባርረኝ ነገር ያለ ይመስለው ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወሬም አያሳርፍም፤ ወጣቱ ያጉረመርማል፣ ትልቁ ዝም ይላል።

በመጨረሻ ማኅበርተኞቹን ሰበሰብኋቸው። ሥዕልሽን በወስፌ ከምሰሶው ላይ ወግቼ አቆምሁና እንደ ችሎት አስረዳሁ። ኮርቻውን ጨርሰን እንደማንተው፣ የሚፈልገው ሰው እስካለ ድረስ የአያ አድማሴ መደብ እንደሚቀጥል፣ ያረጀው ሥራ አዲሱን እስኪያቆም ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን እንደሚሄዱ ነገርኋቸው። «ኮርቻችን እዚህ ነው» ብዬም ጣቴን ከቁልቁለቱ ላይ አኖርሁ። ጣቴን ሳነሣ ማዕረጌም፣ የምፈርድበት ወንበርም፣ እንደ እኔ ያለው ሰው ሁሉ ከዚያው ቁልቁለት ላይ የቆመ መስሎ ታየኝ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

የኮርቻውን ልብስ፣ ግላሱን፣ የምትጠልፈው ወይዘሮ ሥራነሽ ተነሣች። «ፊታውራሪ፣ ሥዕሉስ ገብቶናል። ዳገት ወጥቶ የማይወርድ ምን አለ? የሚቆርጠው እጅ የማን እንደሆነ ይንገሩንና እንሂድ» አለች።

ወደ ሰዉ ተመለከትሁ። ሁሉም እጁን ወደ ጋቢው ውስጥ እየሰበሰበ ነበር።

ልጄ፣ ዕድሜዬን የጨረስሁት ቃል ስመዝን ነው። የሚከለክልና የሚቀጣ ቃል ከተነገረው በላይ አይለጠጥም፤ በችሎቴ ይህን ስንት ጊዜ ፈርጄበታለሁ። አባ ገብረ ማርያም የገዘቱት የቆረጠውን እጅ ነው። የሰፋውን አልገዘቱም፤ የሸጠውን አልገዘቱም፤ ማኅበሩንም አልገዘቱም። አንድ ጊዜ ለመቀመጫ የተቆረጠ ቆዳ ለኮርቻ አይመለስምና፣ ከዚያ በኋላ መርፌ ያነሣ ሰው በማንም ቃል አይያዝም።

«ቢላዋውን ስጡኝ» አልሁ።

የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ራሴ ከመደቡ ላይ አነሣሁት። ደርቤ ያመጣውን ልክ በቆዳው ላይ ዘርግቼ ቆረጥሁ። ቆዳ እንዲህ እንደሚታገል አላውቅም ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩት ቅቤ ይመስላል። አያ አድማሴ እስኪያልቅ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ወጣ። ሥራነሽ የቆረጥሁትን አንሥታ ከጭኗ ላይ አኖረችና በመርፌዋ ክር አስገባች። ከእሷ ቀጥሎ ሌሎቹ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ።

ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት፣ ችሎት ሳልገባ፣ ማኅበሩ ቤት ሄጄ የዕለቱን ቆዳ እቆርጣለሁ። ከእኔ በቀር ማንም ቢላዋ አይነካም፤ እኔም አላስነካም። ከተማው «ፊታውራሪ ቆዳ ቆራጭ ሆኑ» ይላል፤ ይበል። የደርቤ ሁለት አውቶቡሶች በእኛ መቀመጫ ይሄዳሉ፤ ከደጀን በኩል ሌላ ሰው መጥቶ አይቷል። እሑድ እሑድ፣ የተገዘተ እጅ ይዤ ስለማልገባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ከግራሩ ሥር ቆሜ ቅዳሴውን እሰማለሁ። ነፋሱ ወደ እኛ ሲሆን ከዚያም ደኅና ይሰማል።

ከትናንት በስቲያ እየቆረጥሁ ሳለ የበሩ ብርሃን ተጋረደ። አያ አድማሴ ነው። ቢላዋዬን እያየ ከደጁ ቆመ።

«ይህ ቆዳ የማን ላም ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ባታውቅ ይሻላል። ብታይህ ታለቅስ ነበር። ይህ መቁረጥ ነው መጎርደም?»

«እጄ ብዕር ነው የለመደው።»

«ብዕርህም እንዲህ ከሆነ የፈረድህባቸውን እግዜር ይርዳቸው።» ጠጋ አለና ቁርጥራጩን በእግሩ ገለበጠው። «ግማሹን አባከንኸው እኮ፣ አንተ ሰው። በዚህ ዓይነት ደርቤ ሳይከስር እናንተ ትከስራላችሁ። እኔ አልቆርጥልህም።»

«አልጠየቅሁህም።»

«ማስመር ግን አልተገዘተም።»

ከምድጃው ከሰል አንሥቶ ተንበረከከ። ከጀርባው እስከ ሆዱ ያለውን የቆዳ ገጽ በመዳፉ ዳበሰው፤ የሳሳውን ለጎን፣ የወፈረውን ለመቀመጫ ለየና አሰመረልኝ። እኔ ከአምስት ቆዳ የማላወጣውን እሱ ከሦስት አወጣው። እያሰመረ ቀና ሳይል፣ «የአባ ገዳም መንገድ በክረምት አይወጣም፣ አይወረድም» አለኝ። «አዎን፣ ጭቃ ነው» አልሁት። «እንግዲህ መስከረም ይጥባ» አለ። እሄዳለሁ አላለም፤ አልሄድምም አላለም። እኔም አልገፋሁትም። ከሰሉን ጥሎ እጁን ጠርጎ ወጣ። ዛሬ ግን ማልዶ መጥቶ አስምሮ ሄዷል፤ ስደርስ መስመሩ ይጠብቀኝ ነበር።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። እዚያ ከተማ ወፍራም ቆዳ የሚሰፋ የስፌት መኪና ይኖር እንደሆነ ጠይቂ፤ ምን ያህል እንደሚበረክት፣ መለዋወጫውስ እስከ እኛ ይደርስ እንደሆነ አጣርተሽ ጻፊልኝ። የዚህ መቀመጫ ዘመንም በተራው ያልፋልና፣ ተማሪው በየጊዜው ስለሚበዛ የደብተር ቦርሳ እንዴት እንደሚሠራ ከወዲሁ ብታይልኝ አልጠላም። አንድ ነገር ደግሞ ከእኔ ተማሪ። ወደ አገርሽ ተመልሰሽ ለሰው ዕቅድ ስታወጪ፣ የሚጀመርበትን ቀን ብቻ አትጻፊ፤ እንደገና ተከፍቶ የሚመረመርበትንም ቀን አብረሽ ጻፊበት። እኛ ይህን ስላልጻፍን እርማቱን አንድ ሰው በእጁ መክፈል ነበረበት።

የፈተናሽ ወር እንደ ደረሰ አውቃለሁ። ይህ ሁሉ ሐሳብሽን እንዳይከፍለው፤ ሥራው ሄዷል፣ ማኅበሩ ቆሟል፤ ደኅና ነን ያልሁሽ ሐሰት አይደለም።

እናትሽ ከአጠገቤ ተቀምጣለች። እስካሁን ድረስ ደብዳቤውን በምርቃት የምዘጋው እኔ ነበርሁ። ዛሬ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ያሳደገችሽ ልጅ ነሽና ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝም። እንዲህ ትላለች፦

«የኔዓለም፣ የያዝሽው ይጽናልሽ፤ የጀመርሽው ይፈጸምልሽ። ከሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። ዓይንሽ ያየውን ልብሽ ያስተውለው፤ የጠየቁሽን የምትመልሺበት አንደበት ይስጥሽ። የወጣሽበትን ደጅ በጤና ያስገባሽ። አባትሽንም መስከረም ላይ ያድርስልን።»

የመጨረሻውን ለአንቺ ብላ የተናገረችው አልመሰለኝም፤ እንዳለችው ግን ጻፍሁት። አሜን ማለት ለእኔም ሳይፈቀድልኝ አይቀርም።

አሜን።

አባትሽ
ፊታውራሪ ቢያዝን አካለ ወልድ